ተነሣ፣ ደረሰ

አዘዞ ሜዳ ላይ፣ ከሚዛኑ ኋላ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሻንጣ ስሰቅል፣ ኪሎ ሳሰላ፣
አንድም ቀን አልበረርኩ።
ውሸት ነው ይሉኛል፤ ከክንፍ ጥላ ሥር እየኖርኩ።

ሥራዬ ሌላ ነው። የላሊበላው በረራ ሲነሣ፣
እኔ ስልክ ላነሣ፣
ሹምሸሃ ላለች ሴት አንድ ቃል ላቀብል፦
«ተነሣ።»
«ይስማው ነህ?» ትላለች።
«ነኝ።»
«እሺ፣ ሰማን» ብላ ትዘጋለች።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ።
ሻይ አዝዤ፣ ስኳሩን አማስዬ፣ ግማሹን ሳልጠጣ፣
የሚዛኑን አቧራ በመዳፌ ጠርጌ፣ ጥላ ፍለጋ ስወጣ፣
ስልኩ ይጮኻል ከበስተኋላዬ፦
«ደረሰ።»
እናንየ ናት። «እናንየዬ»
ማለት እንኳ አልደፍርም፤ መልኳን አላውቀው፣
ድምፅዋን ነው እንጂ፤ ጉንፋኗን ሳይቀር የምለየው።

ከ«ደረሰ» በኋላ ምርቃት አላት፣ እንደ ደግ ቸርቻሪ፦
«ዛሬ ነፋስ ነው።» «የአንዱ ሻንጣ እጀታ ተገነጠለ።»
«ልጄ አሥረኛን አለፈች።» «ዓይኔን ታከምኩ፤ ትንሽ ተሻለ።»
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በምርቃት ብቻ፣
አንዲት ሴት አወቅሁ፤ ያለ ዝምድና፣ ያለ ጋብቻ።

ሐሙስ ዕለት «ተነሣ» አልኩኝ።
«እሺ» አለ አንድ ጎረምሳ፤ ስሜን አልጠየቀኝ።
አርባ ሁለት ደቂቃ። ሻዩ በረደ።
«አርፏል» አለኝ። ልቤ ቁልቁል ወረደ።
ያን ቃል ሸሽተነው ኖረናል፣ እኔና እርሷ፤
«ሰው ተሳፍሮበት አረፈ አይባልም» ብላኝ ነበር ራሷ።

«እናንየስ?»
«ጡረታ ወጣች። ሰኞ ሸኘናት።»
ሰኞ…
«እንግዲህ…» ብላኝ ነበር፣ ከ«ደረሰ» በኋላ፤
የነፋስ ወሬ መስሎኝ ዘጋሁት።
አባቴ ይስማው ያለኝ፣ መስማት ያቃተኝ ተላላ።

ነፃ ትኬት አለኝ፣ የሠራተኛ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ።
ግን ለሃያ ሁለት ዓመት ምን አላት ሠላሳ አምስት ደቂቃ?
ምን ብዬ እንደምጀምር ሳልቆርጥ፣ በሩ ይከፈታል፣ በቃ።

በመኪና ሄድኩ። ማክሰኝት፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ፤
ደብረ ታቦር አደርኩ፣ በሰው ብርድ ልብስ፣ ካፖርቴን ሳልፈታ።
በሰማይ መቶ ሰማንያ፣ በምድር እጥፉ ነው አሉ፤
ጠምዛዛ፣ እንደ ነገረኛ ሽማግሌ፣ የማያልቅ ቃሉ።
ጋይንት ላይ ከጎኔ ዶሮ የያዘች ሴት
«ለለቅሶ ነው?» አለችኝ።
ምን ልበላት?

ከጋሸና ቁልቁል ስንወርድ ጎማ ፈነዳ።
ተሳፋሪው ተበተነ፣ ድንጋይ ድንጋዩን ይዞ፣ በሜዳ።
ያኔ ሰማሁት፣ ከማየቴ በፊት፤
ባለ ፕሮፔለሩ ነው፣ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከኛ ቤት።
ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ ሞልቶታል፤ አምስት ቀረው።
አዘዞ ላይ አንድ ሰው ሻይ አዟል፤ ማን ይሆን የተተካው?
ሻንጣዎቹን በሆዴ መዘንኩ፤ ሞልቷል፣ ከባድ ነው ዛሬ።

ረዳቱ ክሪክ ያዞራል። መንገዱ አቧራ ለብሶ፣ ከዚያ ወዲያ አይታይም።
አዘዞ ላይ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ «ተነሣ» ብያለሁ፤
የሰማኝ አልነበረም።
ሁለተኛው ቃል የኔ አይደለም።
እርሷ ትበለው።