ስለት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜያለሁ፣
የሰው ልጅ ሲያድግ በቦርሳው አይቻለሁ።
ሰባተኛ ክፍል፦ ዳቦ፣ ባለቀለም እርሳስ፣
እናት ስም የጠለፈችበት ኪስ።
ስምንተኛ፦ ሽቶ። ዘጠነኛ፦ መስታወት፣
አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት፣ ስም የሌለበት።
አሥረኛ ላይ ቦርሳው ይቀላል፤
ልጁ ግን ይከብዳል።

በሰኔ ስሸኘው ደረቴ ላይ ያለ
መስከረም ሲመለስ አናቴን አከለ።
«ቦከር ቶቭ፣ አስሪ» ሲለኝ፣ ድምፁ ሲሰበር፣
ሁለት ሰው የሚሻማው ጉሮሮው ጠባብ በር።
(አስረስ ነው ስሜ። ለእነሱ አፍ ረዘመ።)

አማካሪዋ ሲጋሊት ወላጅ የጠራች ዕለት
ግድግዳው ላይ ዘረጋች የአንጎልን ቤት፦
«እዚህ፣ ከግንባር ኋላ፣ ማመዛዘኛው ነው፤
እስከ ሃያ ምናምን ዓመት ግንባታ ላይ ነው።»
እኔ በመስኮቱ ወደ ጊቭዓት ሃሞሬ ሳይ
ክሬን ቆሟል፣ ብረት አንጠልጥሎ ሰማይ ላይ፤
ጣሪያ ያልመታ ፎቅ፣ መብራቱ ግን የበራ።
ለካስ ቤቴ የማሳድረው እሱን ኖሯል፤
ማታ ማታ ከውስጡ መዶሻ ይሰማል።

እኔ በዚህ ዕድሜ? ዕድሜው አልነበረኝም።
ማታ ልጅ ነበርሁ፤ ጠዋት ታጨልኝ፤ መሐሉን አላየሁም።
እነሱ መሐሉ ውስጥ ስድስት ዓመት ይኖራሉ፤
እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ልጄ ለትምህርት ቤቱ ናዳቭ፣ ለእኛ አዳነ፤
ብርቄ ሁለቴ ጨንግፎባት፣ ስለቷ በእሱ የሰመረ ሆነ።
አምና ደወሉ እስኪደወል ከጎኔ ይቆም ነበር፣
ያውም ክንዴን ይዞ።
ዘንድሮ ፈላፍል ቤቱ ጋ ተከልሎ
ስታስንና ኢታማርን ይጠብቃል፤
በመሐላቸው፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ
ያልፋል፣ እንደማያውቀኝ።
ጥላቻ አይደለም፤ ይገባኛል።
የገባኝ ነገር ሁሉ አይቆጠቁጠኝም ያለው ማን ነው?

ያን ማክሰኞ «ቦርሳ» አልሁት፣ እንደ ማንም ልጅ።
ከደብተሩ ሥር፣ በካልሲ ተጠቅልሎ፣
ከሰንበት ዋዜማ ጀምሮ የፈለግሁት ምላጬ።
ቀና አልሁ። ከላይኛው ከንፈሩ ጥላው ግማሹ የለም፤
አገጩ ላይ የደረቀ ደም፣ ጤፍ የምታህል።
መመሪያው አጭር ነው፦ ስለት ካገኘህ ያዝ፤
ስም ጻፍ፤ ደውል።
ስታስ ከኋላ ይገፋል። የልጄ ጆሮ ቀልቷል።
ዚፑን ዘጋሁ። «እለፍ» አልሁት።
አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ ያሳለፍሁት አንድ ስለት፤
እሱም የብርቄ ስለት።

ማታ በመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ድምፁ መጣ፣
አማርኛው ግሥ እየጣለ፦
«አባ፣ አንተ እንደኔ ሆነህ... ምን ፍራት ነበረህ?»
«ጅብ» አልሁት። ዋሸሁ።
የፈራሁት አባቴን ነው፤ ያውም ዱላውን ሳይሆን፣
አይቶኝ፣ አፍሮ፣ ዞር እንዳይል።

በማግስቱ ገንዳው ጠርዝ ላይ አዲስ ምላጭና አረፋ
አስቀመጥሁ። ማንም ምንም አላለ።
ጠዋት ሦስቱ መጡ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ።
«አስሪ!» አለ ስታስ። ልጄ ስልኩን ያያል።
«ደኅና አደርህ?» አልሁ፣ ቀስ ብዬ፣ በአማርኛ።
ቀና አላለም።
ብቻ ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፣
ያችን አጭር ትንፋሽ፣ እኛ አዎ የምንልባትን፤
አፉላ ሆስፒታል የተወለደ ልጅ፣ ማንም ያላስተማረው።
ስታስ አልሰማም።