የትርንጎ ክፍል

ከዚራ ነው ቤታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ግንቡን ፈረንጅ የሠራው፣ ጣራው የእርግብ አምባ፤
ቀን መስኮቱ አይከፈት፣ ሐሩር እንዳይገባ፣
ማታም አይከፈት፣ እሷ እንዳትገባ።

እሷ ማለት ትርንጎ ናት፣ ያባቴ ታናሽ እህት፣
በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በአንድ ነሐሴ ሌሊት
ደቻቱ ነው የወሰዳት።
ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየቆጠርን፣
ደጋ የዘነበ ጎርፍ ቆላ ላይ የሚያገኘን፣
የኛ ወንዝ እንዲህ ነው።
ጫማዋ ብቻ ተገኘ፣ አሸዋው ላይ፣ ጎን ለጎን።

ክፍሏን ቆለፉት። ቁልፉም በአባቴ አንገት
ከማተቡ ጋር ዋለ።
እኔ ግን ስወለድ ይዤ መጣሁ የሷን ፊት።
«አየሽ ቅንድቧን?» ይላሉ፤ «አረማመዷንስ?»
እናቴም ጠጉሬን ላጨችው፣ ሟቿን እንዳልመልስ።

ትምህርት ቤት ስሜ የሌሊት ወፍ ነበር፣
ለአይጦቹ ወፍ፣ ለወፎቹ አይጥ፣ የትም የማላድር።
እኩዮቼ ቀፊራ ወርደው ሲዋዋሱ ኩል
እኔ ኮርኒስ ላይ ወጥቼ ከስሜ ጋር እውል።

አሥራ ሦስት ሞልቶኝ ደሜን ያየሁ ዕለት
እናቴ ጨርቅ ሰጥታኝ ዞረች ወደ ግድግዳ፣
አባቴ ራቱን ተወው፣ መርዶ እንደሰማ እንግዳ።
ያኔ ገባኝ፦ እዚህ ቤት
ልጅ አታድግም። የሞተችው ናት የምትቀርብ፣
በየዓመቱ አንድ ክንድ፣ በየዓመቱ አንድ ስንዝር።

ደቻቱ ዳግም ያጓራ ሌሊት
አባቴ ሲታጠብ ያወለቀውን ማተብ ሚስማር ላይ ረስቶ
ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ወደ ድልድዩ ሮጠ፣ ፋኖስ አብርቶ።

ቁልፉ ገና የአንገቱ ሙቀት ነበረበት።

የጠበቅሁት አጥንት ነው፤
ነጭ ቀሚስ፣ መስታወት ውስጥ የሚያየኝ ሌላ ሰው።
ያገኘሁት የብረት አልጋ፣ ምስጥ የበላው ወንበር፣
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ።
ውስጡ ደብዳቤ። አሥራ አንድ። አንዱም አልተከፈተ።
አልተቃጠለም።
ቴምብሩ የጅቡቲ ነው።

በጥፍሬ ቀደድኩት የመጀመሪያውን፦
«ወንድም ጋሼ፣ ጫማዬን ወንዙ ዳር የተውኩት
እንድታለቅሱ ብዬ አይደለም፤ ጠቦኝ ነው።
በባዶ እግሬ ባቡር ላይ ወጣሁ።
እዚህ የጨው ከረጢት እሰፋለሁ።
ባሕሩ ጨርሶ አይቆለፍም።»

የሞተች እህት ድንኳን ይጣልላታል፤
የኮበለለች ግን ስሟን ማን ይጠራታል?
መርጦ ነው አባቴ። አልቅሶ ነው የመረጠ።
የመጨረሻው ማኅተም እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነው፤
ከዚያ ወዲህ አልጻፈችም።

ጎርፉ ማንንም ሳይወስድ አለፈ።
ኮቴ ሰማሁ፤ ፋኖሱ በሩ ላይ ተንቀጠቀጠ።
አልተደበቅሁም፣ ወረቀቱንም አላጠፍኩ።
እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ አየኝ፣ ብዙ አየኝ፣
«ትርንጎ?» አለ።

«አቤት» አልኩ።

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩት።
የወንዙ ሽታ ገባ፤
ሌላ ማንም አልገባ።