አፍ የላትም

ከሶሐር ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ በኩል፣ ከቴምሩ ረድፍ ጀርባ፣
መረብ የለበሰ ቤት አለ፣ ነፋስ እንጂ ዝንብ የማያስገባ—
አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ዝንብ የማያስወጣ።
የሠርግ አዳራሹ ትራፊ ማለዳ በፒካፕ ሲመጣ
ጓንቴን አጥልቄ የምቀበል እኔ ነኝ፣ ጦይባ ይማም፤
ትል አርቢ ነኝ። አላፍርም። ስሙ ግን ለእናቴ ጆሮ አይስማማም።

«ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ፣ ዓርብ ዓርብ፣ በስልክ፣ ማታ፣
«ዶሮ ነው የማበላው» እላለሁ፣ በደፈናው፣ በፈገግታ።
ውሸትም አይደል፤ ትሉን ዶሮ ይበላዋል፤
ከሥሩ የሚቀረው ጥቁር ዱቄት ለቴምሩ ግንድ ይሆነዋል።

ከከሚሴ ያወጣኝ ደላላ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲምልልኝ፣
«ዝንብሽን እሽ የሚል የለም፤ ሂጂ ብቻ!» ነበር ያለኝ።
ይኸው ቃሉ ሞላ፤ እሽ የሚላቸው የለም፤
አርባ ሺህ ዝንብ አለኝ፣ ሁሉም የከሰል ቀለም።

ከዚህ በፊት ግን ሦስት ዓመት፣ መስቀጥ፣ ከአንድ ቪላ ጓዳ፣
ማንም ያልነካው ሙክት ከነሩዙ ስደፋ በማለዳ፣
የልጅቷን፣ የሹሩቅን፣ ዩኒፎርም ስተኩስ፣ ፀጉሯን ስጎነጉን፣
«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለችኝን ይዤ፣ አፌን
ዘጋሁት። ደመወዝ ሲቆይ ዘጋሁት።
ፓስፖርቴን መሳቢያ ሲውጠው ዘጋሁት።
እውነት ነው፤ ዝንብ አልገባም።

ይህችኛዋን ያሳየኝ፣ በአጉሊ መነጽር፣
የኬረላው ሱዳካራን ነው፤ ወገበ ቀጭን፣ ተርብ መሳይ፣ ስትሽከረከር።
«ማፊ አክል» አለኝ፣ የእሱም የእኔም ባልሆነው ዓረብኛ።
አፍ የላትም። ትል ሳለች የበላችው ነው ስንቋ፤ ከክንፍ ወዲያ
አትበላም፣ አትነክስም፣ ከሰው ወጥ ላይ አታርፍም፤
ብርሃን ስታይ ትዳራለች፤ ከሳምንት ብዙ አታልፍም።

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላል አገሬ።
ጋኑን እንጃ፤ ልጆቿ በርሜል ሲጨርሱ ግን አይቻለሁ አድሬ።
ጆሮዬን ወደ ገንዳው ሳስጠጋ፣ በሐምሌ፣ መሬቱ እንደ ምጣድ ሲግል፣
የሚያላምጡት ድምፅ፣
ቆርቆሮ ላይ የጀመረ ካፊያ ይመስል።

ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው ይጠቁራሉ።
ማንም ሳይነዳቸው፣ ከእርጥቡ ወደ ደረቁ፣
በተጋደመው ጣውላ ሽቅብ ይወጣሉ። ሌሊት ነው የሚሄዱት።
ጫፉ ላይ ሲደርሱ ባልዲ አለ።
ዘጠና እጁ ለዶሮና ለዓሣ ገንዳ፤
አሥሩ ክንፍ እንዲያወጣ ይተዋል።
አሥሩን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ በጭልፋ፣ እንደመጣልኝ።
ወንድሜ እንድሪስም ሌሊት ነው የወጣው፣ በኦቦክ፣ በጀልባ።
ጭልፋው ቀላል ነው። ፕላስቲክ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ከሩዙ መሃል አንድ የግብዣ ካርድ አገኘሁ፤
ወፍራም፣ በወርቅ የተጻፈ፤ በእጅጌዬ ጠረግኩና አየሁ።
ዓረብኛ አላነብም፤ አንድ ስም ብቻ ነው የማውቀው፣
በዩኒፎርሟ ኪስ ላይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተኮስኩት ነው።
ሹሩቅ ተድራለች።
ሙክቷን፣ ኬኳን፣ ሐልዋዋን
እንደ ልማዴ ደፋሁት፤ ልዩነቱ፣ የሚበላው ነበር።

ካርዱን ግን አልጣልኩትም። አጥፌ፣ አጥፌ፣
ዝንቦቹ ከሚዳሩበት፣ ከመብራቱ ሥር አኖርኩት፤
ጠባብ ስንጥቅ ይወዳሉ፣ ዕንቁላል ለመጣል።
በሦስተኛው ቀን ስገልጠው
ከስሟ እጥፋት ውስጥ፣ ክሬም የመሰለ፣ ከጤፍ የደቀቀ፣
ስድስት መቶ ይሁን ሰባት መቶ፣ ተደርድሮ ተጣብቆ።

የዚያን ዓርብ፣ «ምን ትሠሪያለሽ?» አለች እናቴ።
«ትል ነው የማረባው» አልኳት፤ «ዝንብ ነው፣ እማ።»
መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
«ይነክሳል?»
«አፍ የላትም።»
አሁንም ዝም። ዶሮዎቿ ከጀርባዋ ሲንጫጩ ይሰማኛል።
ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣
«ኪሎው» አለችኝ፣ «ስንት ነው?»