እርግጥ

ሚዮ ኩራሺና አፈር ታዳምጣለች።
በሦስት እግር ማማ መዶሻ ሰቅላ ብረት ትሰድዳለች፤
ሽማግሌው ቶኩጂ ገመዱን ይለቃል፣
መዶሻው ይወድቃል፣
ዱብ።
እሷ ትቆጥራለች።
ስንዝር ከግማሹን ብረቱ እስኪሰምጥ ምት ስንት ፈጀበት?
ሠላሳ ከሆነ ምድሩ አጥንት አለው፤
አራት ከሆነ ግን
አራትን በቀይ ነው የምትጽፈው።

እኔ ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነበርሁ፣
ወረቀት ሲመጣ ማኅተም የምመታ፣
የመታሁትን ምት አንድ ቀን ያልቆጠርሁ።

ሪፖርቷን ይዛ መጣች፣ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ፤
"ሚዶሪጋኦካ" አለች፣ ጣቷ ካርታው ላይ ተሳበ፤
"'አረንጓዴ ኮረብታ' ያላችሁት ሰፈር
ኮረብታ የለውም። ወንዝ ነበር።
ጀልባ ይታሰርበት ነበር፣ ስሙም 'የጀልባ በር'።
ወንዙን ገፍታችሁ በአሸዋ ሞላችሁት፣
ስሙን ለወጣችሁት፤
አሸዋው ግን አልሰማም።
ከላይ ሣር ነው፤ ከታች ውሃ የጠገበ፣ ያልተጠቀጠቀ፣
ቅንጣት በቅንጣት ተደግፎ የቆመ እንጂ ያልተጣበቀ።
ምድር ስትናወጥ ውሃው ይጨነቃል፣
መውጫ ሲያጣ ቅንጣትን ከቅንጣት ያላቅቃል፤
ያን ጊዜ አፈር መሆን ያቅተዋል አፈሩ።"

"መቼ?" አልኋት።
"አላውቅም።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"እርግጥ የለኝም፣ ቁጥር ነው ያለኝ።
ምድሩ የሚችለውን ለሚመጣበት አካፈልሁ፣
ዜሮ ነጥብ ስምንት አገኘሁ።
አንድ ካልሞላ፣ አይችልም።"

እኔ ደግሞ የረገጥሁት ሁሉ እርግጥ ይመስለኝ ነበር፤
የሚስቴ አክስት ፉኩዮ የምትኖረው እዚያው ሰፈር፣
እሑድ እሑድ በፕሪም ዛፏ ጥላ
ጫማዬን አውልቄ ሣሩን የምረግጠው፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ።
እንዲህ ያለ ሣር ይከዳል?
ማኅተሙን መታሁ፦ "ታይቷል"።
መሳቢያ ውስጥ ገባ። መሳቢያው ጥሩ ይዘጋል።

በሦስተኛው ክረምት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጣ።
መናወጡስ ያው ነው፣ ከልጅነት የለመድነው፣
ጠረጴዛ ሥር ገብተን የምንጠብቀው።
ጉዱ ካቆመ በኋላ ነው።
ጓሮው ፈላ፣
ያለ እሳት፣ ያለ ጉልቻ፤
ከየስንጥቁ ተፋ ግራጫ አሸዋ ብቻ።
የፍሳሹ ጉድጓድ ክዳኑን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ
ሰው አክሎ ቆመ ከአስፋልቱ ወጥቶ፤
የተቀበረው ቀሎ ተንሳፈፈ፣
የቆመው ከብዶ ዘቀጠ።
የፉኩዮ ቤት አንዲት ብርጭቆ ሳይሰበርበት
እንደ ደከመው ሰው በጎኑ ጋደም አለ።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ፣
"ቤቴ ምን አጠፋ?" አለችኝ፣
"ግድግዳው ደኅና፣ ጣራው ደኅና።"
አፌን ከፈትሁ።
እንደ መሳቢያው ዘጋሁት።
"አፈር ስሆንልሽ" ልላት ነበር፤
አፈር ምን እንደሚሆን እያየሁ ነበር።

ማኅተሙን መልሻለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ
ከሚዮ ጋር እወጣለሁ ደብተር ተሸክሜ።
ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አልጠየቅኋትም፤
አንድ ቀን ሁለት እርሳስ ሰጠችኝ፣ ጥቁርና ቀይ፣
ሌላ አልተናገረችም።
ቶኩጂ ወገቡን አሞታል፣ ገመዱን ልጁ ይይዛል፤
እኔ እቆጥራለሁ።

ዛሬ ከወንዙ ወዲያ ነን፣ ቤቶቹ ገና ቀለም ይሸታሉ፣
ልጆች በባዶው ቦታ ኳስ ይጫወታሉ።
አራት ሜትር ላይ ስንደርስ
ልጁ ገመዱን ገና ሳይስብ፣
መዶሻው ብረቱ ራስ ላይ እንደ ተቀመጠ፣
ማንም ሳይመታው፣ በገዛ ክብደቱ፣ ብረቱ ሰመጠ።
ስንዝር።
ስንዝር ከግማሽ።
ድምፅ የለውም።

"ስንት ልጻፍ?"
"ስንት ቆጠርህ?"
"ምንም።"
"ምንም ብለህ ጻፍ።"

ቀዩን እርሳስ ከኪሴ ስፈልግ
ኳሳቸው ተንከባላ መጥታ
እግሬ ሥር ቆመች።