እርፍ

ቅርያት መልአኪ ውስጥ፣ ከጎማ ሻጩ ጀርባ፣
ሐምሌ ሲገባ
ቆርቆሮው የሚንጣጣ አንድ ክፍል አለን፤
ይፊምና እኔ የውሸት ዕቃ እንቀዳለን፦
የማይተኩስ ሽጉጥ፣ የማይደውል ስልክ፣
ለፊልም፣ ለቲያትር፣ ለአንድ ሌሊት የሚበቃ መልክ።
(ቀዳ በኛ ቋንቋ ሁለት ነው አልኩት፤
ውሃም ይቀዳል፣ ጽሑፍም።
«እኛ ሁለቱንም ነን» አለ፣ ባልዲውን እያጠበ ይፊም።)

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲሰለቸው
ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ በር ላይ ወንበር አለው።
አቶ ይስማው ቀጥቃጩ። ወለቃ፣ በመንደሩ፣
ቀን ማረሻ አሹልልን ብለው የሚለምኑት፣
ማታ ስሙን ሲጠሩ
ልጃቸውን የሚሸፍኑት።
እዚህ ሃያ ዓመት የብርቱካን ሣጥን ሲቸነክር ኖሮ
መዶሻው ብቻ ቀረው፤ እሱም በጨርቅ ታስሮ።

ትእዛዝ መጣ አንድ ቀን፦ የጠፈር መርከብ መሪ፣
አርባ እጀታ፣ ለአርባ አብራሪ።
«ምን ይከፍታል?» አለ አባቴ። ምንም።
«ወዴት ይዞራል?» አይዞርም።
«ታዲያ ምን ያደርጋል?»
ይያዛል።
ዝም አለ። ቆይቶ፣ «መያዝ ቀላል መስሎሻል?
ጭቃውን አምጪው፣ ትርንጎ።»

ሦስት ቀን ደባበሰው።
ይፊም ከሥዕሉ ጋር አስተያየው፤ አልገጠመለትም፤
ግን እጁን ሰዶ ያዘው፣
ያዘና አልለቀቀም።
«ሃራሾ» አለ፣ በሩሲያኛ፣ መልካም ነው ሲል።
«አራሽ ነው ያለኝ?» አለ አባቴ። «እንዴት አወቀ ይሄ ሰው?»
እኔም ያኔ ነው ያየሁት፤ ያ ጎበጥ ብሎ መዳፍ የሚሞላው
እርፍ ነው። ሞፈር የሌለው፣ በሬ የማይቀድመው፣
ከዋክብት ሊያርስ የታዘዘ እርፍ።

ሣጥኑን በልጄ መጫወቻ ጡቦች ገጠምኩ፤
እጀታውን እስከ ወገቡ ቀበርኩ፤
ቫዝሊን። ከዚያ ሲሊኮን፣ መቶ በአሥር መዝኜ
በቀስታ አማሰልኩ፤
ከከፍታ፣ እንደ ክር አቅጥኜ
ለቀቅኩ፣
አረፋው መንገድ ላይ እንዲፈነዳ።
«ማር ይመስላል» አለ።
ማር ነው አባባ፣ የማይበላ፤
ጠጉር ቢወድቅበት የጠጉሩን መልክ የሚይዝ፣ ምንም የማይረሳ።

በማግስቱ ሁለቱን ግማሽ ስናላቅቅ አጎንብሶ አየ።
«ባዶ ነው» አለ።
ባዶው ነው ሥራው።
ሬዚኑን በብረት ዱቄት አጥቁሬ ሞላሁት፤
ሃያ ደቂቃ። አውጥቼ በሽቦ ሱፍ ፈተግሁት፤
ብረት ሆነ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያብረቀርቅ።
አሸተተው። በቀሩት ጥርሶቹ ነከሰው።
«ያለ ወናፍ? ያለ ከሰል?
እሳት በሌለበት ብረት?
ታዲያ እኛን ለምን ፈሩን?»
ሳቀ፣ ሳሉ እስኪመጣ፣
ይፊም ውሃ ይዞ እስኪሮጥ።

ለስግድ አልደረሰም።

ከሰባቱ ቀን ሐዘን ስመለስ አሥራ አንድ ይቀሩኝ ነበር።
ከፊልሙ የመጣች አንዲት ልጅ እጀታዎቹን ደርድራ
«ሁሉም እዚህ ጋ ጎድጉደዋል፤ ይስተካከል» አለች።
ከሥር፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት፣ ጣቱ አርፎበታል፤
መዶሻ የሰነጠቀው ጥፍሩ ሳይቀር።
ሞላሁት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ አንድ በአንድ፣ ቁጭ ብዬ።
ይቅር በለኝ አባባ፤ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

ፎርማው በመጨረሻው ቅጂ ከአፉ ተቀደደ።
«አልቋል፣ ጣይው» አለ ይፊም፣ ወደ በሩ እየሄደ።
ጣቴን ከተትኩ።
ቅጂው ላይ ጉድጓድ የነበረው
እዚህ ውስጥ ጎልቶ ቆሟል፦
ጣት ነው፣ ለስላሳ፣ ሥጋ የሚመስል፣
ጥፍሩ ለሁለት የተከፈለ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ባሰ። ጎማ ሻጩ ሬዲዮውን ዘጋ።
ይፊም ቁልፉን አንቀጫቀጨ፤ «አትሄጂም?»
እሄዳለሁ። ቆይ።
ይዞኛል።