ቶይባ፣ አይሱዙውን አውርጂው

ሸዋ በር ላይ ነበር ያ ፎቶ ኮፒ ቤት፣
አበጋዝ ጎንበስ ብሎ ጀግና የሚወልድበት።
ወረቀቱ ስስ ነው፣ መስመሩ ጥቁር ቀለም፣
ሥልሳ ቅጂ ብቻ፣ ከዚያ በላይ የለም።

ጀግናው «መብረቁ» ነው፣ ክንዱ እንደ ዋርካ ግንድ፣
ከሽፋን እስከ ጀርባ እሱው ብቻ ሲነድ።
አንቺ ግን፣ ቶይባ፣
በየአራት ገጹ አንዴ ብትመጪ
ጥግ ላይ ነው፣ በግማሽ ፊት፣ ነገርሽን ሳትጨርሺ ልትወጪ።

ኃይልሽ እኮ ኃይል ነው! እጅሽ ከነጠላሽ ሳይወጣ
ሰኞ ገበያ የተደፋ በርበሬ ከጭቃው ተነቅሎ ሲመጣ፣
ዛላ በዛላ እየዘለለ ወደ ባለቤቱ ቁና፣
በቁጥር አንድ ያደረግሽው ይኸው ነው። ማንስ ልብ አለሽና።
በቁጥር ሁለት በር ያዝሽ። በቃ። መብረቁ እስኪያልፍ።
በቁጥር ሦስት አበጋዝ ራሱ፣ እንቅልፍ ይዞት ሲጽፍ፣
ስምሽን ረስቶት «ዘይባ» ብሎሽ አረፈ።
ማንም አላረመው። እንዲሁ አለፈ።

እኔ የሱ ታናሽ እህት፣ አሥራ አንድ ዓመቴ።
«ብዙ ስታነሳ ይነስራታል» አለኝ፣ «ኃይል ዋጋ አለው፣ እቴ።»
ማሽኑ ደግሞ ጥቁር እንጂ ቀይ አያውቅም።
ስለዚህ በቀይ እስክሪብቶ፣ እጄ እንኳ ሳይንቀጠቀጥም፣
ከአፍንጫሽ ሥር አንድ ነጥብ፣ በየቅጂው።
በነጥብ አምስት ሳንቲም ነው የእጅ ዋጋው።
ሥልሳ ጊዜ አደማሁሽ፤ ሦስት ብር ሆነልኝ፤
ከረሜላ ገዛሁበት፣ ምንም አልመሰለኝ።

መብረቁ አንድም ቀን አልደማም።
ለምን ብዬም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ቁጥር አራት። ሐረጎ ጭጋግ ለብሷል፣
ማሽላ የጫነ አይሱዙ ፍሬኑ ተበጥሷል፤
ከጆንያው በላይ ሰባት ሰው ተሳፍሯል፣ አንዲት ፍየልም አለች።
መብረቁ የት ሄደ? አዝዋ ገደል አፋፍ፣ ከክፉው ጋር፣
ንግግር ያደርጋል። ረጅም ንግግር።
አንቺ ከመንገዱ ዳር፣
በመጨረሻው ገጽ፣ በመጨረሻው ሳጥን፣
ያዝሽው፤ ከገደሉ በላይ፣ ባዶ አየር ላይ፣
ጎማው ሲሽከረከር፣ ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ጥንድ ዓይን።
ከታች ተጽፏል፦ «ይቀጥላል።»

አልቀጠለም።
ወረቀት ተወደደ፣ ማሽኑ ተሸጠ፣
የሥልሳው ቅጂ ብር በብድር አለቀ።
አበጋዝ ውኃ ልማት ገባ፣ ቆጣሪ አንባቢ ሆነ፤
ጣቱ አሁን ቁጥር ይጽፋል፤ ሥዕሉ እንደ ጤዛ ተነነ።

ሃያ ሦስት ዓመት።
እኔ ኮምቦልቻ የሌሊት ፈረቃ አለኝ፣ ሐረጎን በየማታው እወርዳለሁ፤
ሚኒባሱ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ እኔ ሽቅብ አያለሁ።
ጭጋግ በበዛ ቀን ፍየሏን የሰማሁ ይመስለኛል።
«ምን ጠፋሽ?» ይላል ረዳቱ። ምን ይባላል?

አንዲት ቅጂ ቀርታኛለች። ነጥቡ ጠቁሯል፣
ደም ሲቆይ እንደሚጠቁረው።
አበጋዝን ጠየቅሁት፦ «ቶይባ ምን ልትሆን ነበር?»
የሰው ቆጣሪ ላይ ባትሪ እያበራ፣
«ማናት?» አለኝ፣
ቀና ሳይል ከቁጥሩ።

እኔ ሥዕል አልችልም። የተማርኩት ነጥብ ብቻ ነው።
በቃል ልሞክር እስቲ፦

አብሽሪ፣ ቶይባ። ቀስ በይ።
የፊቱን ጎማ አስቀድሚ፣ ጠጠሩ ይንኮሻኮሽ፣
ከዚያ የኋላውን።
ፍየሏ ትዝለል መጀመሪያ።
ሽማግሌው ሱሪውን ያራግፍ፣ ሴትየዋ ጆንያዋን ትቁጠር፣
አንድ ጎሎባት ትሳደብ፣
ማንም አያጨብጭብ፣ ማንም አይወቅሽ፣
መብረቁም ንግግሩን አይጨርስ።

አንቺ ድንጋዩ ላይ ተቀመጪ።
ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ምንም አይወድቅም።
በነጠላሽ ጫፍ አፍንጫሽን ጥረጊ።

እኔም ይኸው፣
የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩ።