የጭስ ማውጫው ሆድ

ምድጃው ከጠፋ ሦስት ሌሊት ሆነው፤
ሠራተኛ ሠፈር ዳቦ ሳይሸተው
ነቅቶ ይነጫነጫል፣ ሳያውቅ የጎደለው።

«ዘርፌ! ጡብ!» ይለኛል፣ ዳግመኛም «ጡብ! ጡብ!»
ድምፁ ከጥቀርሻው ጋር ቁልቁል ሲንጠባጠብ።
እግሩ ብቻ ይታያል፣ የላስቲክ ጫማው፤
ሌላውን የጋሽ ሽፋን ጭስ ማውጫው በላው።

እኔ ነኝ ከታች፣ ከባልዲና ገመድ፣
እጄ እስከ ክርኔ አመድ በአመድ።
ጡቡን በውሃ ነክሬ፣ አራግፌ፣ አስሬ
እልካለሁ ሽቅብ፣ አንድ አንዱን ቆጥሬ።

እንደ ግድግዳ ጡብ ቀይ አይደለም። እንደ ዳቦ ልብ የነጣ፣
ከፈረሰ የብርጭቆ ፋብሪካ ምድጃ የወጣ፣
ምናለሽ ተራ ላይ ተቆልሎ ያገኘነው፣
ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን በስንት ልመና የገዛነው።
ጋሽ ሽፋ በመዶሻው እጀታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤
«ካቃጨለ ደህና ነው፤ ካፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል።»
ሰውም እንዲህ ቢመረመር ብዬ ሳቄ አምልጦኛል።

«ሲሚንቶ እንዳታመጪ! እሳት ሲያይ ይክዳል።
ጭቃ ነው ታማኙ፤ ሲነድ ይጠነክራል።»
የሸክላ አፈር ከጡብ ዱቄት ጋር ነፋሁ፣
እንደ አጥሚት አቅጥኜ በመዳፌ አሸሁ።
«መጋጠሚያው ከወፈረ እሳቱ መንገድ ያገኛል፤
ከጥፍርሽ አይበልጥ» ብሎ የበለጠውን ፍቆ ይጥላል።

ከአሮጌው ግንብና ከአዲሱ ጡብ መሃል
አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል።
እትዬ ደብሪቱ አጎንብሰው አዩ፤ ብራቸው ቆጫቸው፦
«ሙላው እንጂ! ባዶ ቦታ ነው እንዴ የከፈልናቸው?»
«ጡብ ሲግል ያብጣል፣ እትዬ። መላወሻ ካጣ
ግንቡን ገፍቶ ይጥላል፤ ቤቱም አብሮ ጣጣ።»

እኔ አንድ ክፍል ቤታችንን አሰብኩ፤
ባሌ ሥራ የፈታበትን ክረምት፣
አምስት ሆነን፣ ዝናቡ ውጭ፣
ጣት የሚያስገባ ቦታ ያጣንበት።

በሩ ላይ ቀይ ቀለም አለ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ።
ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሄዷል፣ በጋሪ ጭኖ ቆርቆሮ።
ማንም አያነሣውም። የኔ አፍ ግን አላርፍ አለኝ፦
«ለሚፈርስ ቤት አርባ ዓመት የሚኖር ሆድ?» አልኩኝ።

ጋሽ ሽፋ ዝም።
ጭስ ማውጫው ዝም። ትንሽ ጥቀርሻ ዱብ።
ቆይቶ፣ እንደ ወትሮው፣ «ዘርፌ! ጡብ!»

ማታ እጁን ሲታጠብ፣ ውሃው ከክንዱ ጠቁሮ ሲወርድ፣
ሳሙናውን ተቀብሎኝ፣ ዓይኑ መሬት መሬት፦
«በጭቃ የተያያዘ ጡብ ሲያፈርሱት ሙሉውን ይወጣል።
ከሲሚንቶ የተጋባው ነው ተሰብሮ የሚቀር» ይላል።
«እነዚህን ከፋብሪካው በእጃቸው የነቀሏቸው አሉ።
እኛ ደግሞ ተክለናል። ነገ ለሚነቅል፣ ይቅለሉ።»

እሳቱ መጀመሪያ የጋዜጣ፣ የጭራሮ፤
ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ተለክቶ፣ ተቆጥሮ።
ጡቡን አላበው። የጠጣውን ውሃ
በየመጋጠሚያው ተፋ።
ሦስት ሌሊት እንዲያ፣ እንደ አራስ ተጠብቆ፣
በአራተኛው ሊጡ ገባ፤ ጭሱ ወጣ ቀጥ ብሎ
ከቆርቆሮው በላይ፣ ከማዶ ክሬኑ
መብራቱን እያበራ ብቻውን ከቆመበት አልፎ።

ሰፈሩ ሲነጋ አልተነጫነጨም።
የቀን ሂሳቤን ቆጠርኩ፣ ሁለት ዳቦ ተመረቀልኝ።
ስወጣ በሩን አላየሁም። ዳቦውን ገልብጬ
ሆዱን በጣቴ ቆርቆር አደረግሁት፣
ጆሮዬንም አስጠጋሁ።